በጠርጥር ጣቶች መካከል የወጣው እባጭ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ገብቶ መስኩ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ወቅት፣ በአንድ ፍል ውሃ አጠገብ በጎችና ፍየሎች ከአንዲት አሮጊት አህያ ጋር ይኖሩ ነበር። ጠባቂያቸው ጠርጥር የሚባል ቡናማ ውሻ ነው። ጠርጥር ሲሮጥ ነፋስ አይቀድመውም ይባልለታል፤ እሱም ይህ ሲባል መስማት ይወዳል። አያ ጅቦ ከማዶ ካለው ገደል ሆኖ በጎቹን እያየ ምራቁን ከመዋጥ በቀር ወደ መስኩ ዝር አይልም ነበር።

አንድ ቀን ጠርጥር ጅቡን በአጋም ቁጥቋጦ ውስጥ ሲያባርር የፊት ቀኝ እግሩን እሾህ ወጋው። እሾሁን በጥርሱ ነቅሎ ጣለው፤ ጫፉ ግን በሁለት ጣቶቹ መካከል ተሰብሮ ቀረ። ሁለት ሦስት ቀን ምንም አልተሰማውም። በአራተኛው ቀን በጣቶቹ መካከል ባቄላ የምታህል ቀይ እባጭ ወጣች። ጭቃው ያረጥባታል፤ እሱም ዞር እያለ ይልሳታል። በላሳት ቁጥር አበጠች፤ በመጨረሻም ፈንድታ ደምና መግል ታወጣ ጀመር።

ሕመሙ ብርቱ ነበር። ከሕመሙ ይልቅ ግን ጠርጥርን ያሠቃየው ሐፍረቱ ነው። ባለፈው በጋ እንኮዬ አህዪት ጀርባዋ ተልጦ ቆስሎ በነበረ ጊዜ፣ ሽታዋ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ በሁሉም ፊት ከበረቱ ደጅ እንድታድር ያደረጋት እሱ ነበር። ቁስለኛ ከመንጋ ጋር ምን ይሠራል ያለውንም ፍየሎቹ እስከ ዛሬ ይደጋግሙታል። አሁን የራሱን እግር አንስቶ ቆስያለሁ ቢል ምን ይሉታል?

ስለዚህ ደበቀው። በጎቹ ሲያዩት በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዞር ሲሉ እግሩን ያነሳል። ወደ ውሃ ሲወርዱ እናንተ ቅደሙ ይላቸዋል። ነጬ የምትባለው በግ አንዲት ግልገል ነበረቻት፤ ግልገሏም ከጠርጥር ጋር መሯሯጥ ለምዳ ነበር። ነጬ ምነው ሰሞኑን ከልጄ ጋር መጫወት ተውክ ብላ ብትጠይቀው፣ ጠባቂ እንደ ልጅ አይዘልም ብሎ መለሰላት።

በጎቹ ያላዩትን ግን ቀበሮ አየው። አንድ ጠዋት ጭቃው ላይ የውሻውን ዱካ ሲመረምር የሦስት እግር ዱካ ብቻ አገኘ። ዱካውን ተከትሎ ጠርጥር ብቻውን ከተቀመጠበት ደረሰና ያዘነ መስሎ ቆመ።

«አያ ጠርጥር፣ እግርህን አይቻለሁ» አለው። «አይዞህ፣ ለማንም አልናገርም።»

ጠርጥር ሊያባርረው ቢሞክር እግሩ አላስነሳው አለ። ቀበሮውም እንደ ባለመድኃኒት ራሱን እየነቀነቀ፣ እባጩን በጥርሱ ጨምቆ እንዲያፈርጠው፣ ከዚያም በልጥ ጠበቅ አድርጎ እንዲያስረው መከረው። ከሁሉም በላይ መንጋው እንዳያውቅ አስጠነቀቀው።

«ጠባቂያቸው አንካሳ መሆኑን ካወቁ ያባርሩሃል» አለው፤ «አንተ አህዪቱን እንዳባረርካት።»

ይህች ቃል አጥንቱ ድረስ ዘለቀች። ጠርጥር የተባለውን ሁሉ አደረገ። ቢጨምቀው መግሉ ወደ ውስጥ ገባ፤ በልጥ ቢያስረው እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አበጠ። ቀበሮው ግን ከዚያው ወደ ገደሉ ወርዶ አያ ጅቦን ቀሰቀሰውና፣ ውሻው አንክሷል፣ ጉም በወረደ ቀን ና፣ ለእኔ ትርፍራፊው ይበቃኛል አለው። አያ ጅቦም ሌላ ነገር ሳይጠይቅ፣ ጉሙ ከምሳ በፊት ይወርዳል ወይስ ከምሳ በኋላ ብሎ ጠየቀ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጉም ወርዶ መስኩን ሸፈነው። ግልገሏ ከእናቷ ራቅ ብላ ትግጥ ነበር። ጅቡ በጉሙ ውስጥ መጥቶ አነሳት። ግልገሏም ጮኸች። ጠርጥር ጩኸቷን ሰምቶ ብድግ አለ፤ ሁለት እርምጃ ተራምዶ በግንባሩ ጭቃው ላይ ተደፋ። እንደገና ተነሳ፤ እንደገና ወደቀ። ጩኸቱ ወደ ገደሉ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ጉሙ ሲገለጥ መንጋው ጠርጥርን ጭቃ በጭቃ ሆኖ አገኘው። እስከ ገደሉ አሳድጄው ነበር፣ ጉሙ ነው ያሳተኝ አላቸው። አመኑት። ነጬም እያለቀሰች ቀረበችና ጭቃውን ከግንባሩ ላይ ላሰችለት።

«ስለ ልጄ ይህን ያህል ደክመሃልና እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

ጠርጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ቀኑን ሙሉ እህል ውሃ አልቀመሰም። ነጬ ወደ ገደሉ ዞራ ልጇን ስትጣራ ከቀትር እስከ ማምሻ ሰማት። ከዚያ በላይ መስማት አልቻለም። ተነሳና በሦስት እግሩ እያነከሰ በመንጋው መካከል አልፎ ነጬ ፊት ቆመ፤ ልጡንም በጥርሱ ፈታው።

«አላሳደድኩትም» አለ። «እግሬ ከቆሰለ ሰነበተ። አፍሬ ደበቅኳችሁ። ልጅሽን ሲወስዳት ጭቃው ላይ ወድቄ እሰማ ነበር።»

ነጬ አንዴ እግሩን፣ አንዴ ፊቱን አየችና ዞራ ሄደች። ከፍየሎቹ አንዱ፣ ቁስለኛ ከመንጋ ጋር ምን ይሠራል ተብሎ አልነበረም እንዴ ሊል ሲጀምር እንኮዬ አህዪት ገፋ አድርጋው አለፈችና የጠርጥርን እግር አሸተተች።

«ውስጡ የቀረ ነገር አለ» አለች። «ወደ ፍል ውሃው ተነስ።»

ስለ ባለፈው በጋ አንድ ቃል አላነሳችም። ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

ከምንጩ ዳር፣ ውሃው ለብ ከሚልበት ቦታ ትንሽ ጉድጓድ ነበረች። አህዪቱ በጎቹ ከሚልሱት ጨው ጥቂት ጨመረችበትና ጠርጥር ጠዋትና ማታ እግሩን እንዲነክር አደረገችው። ከነከረ በኋላ በጣቶቹ መካከል ያለውን እርጥበት በደረቅ ሣር ታደርቅለታለች፤ ከጭቃው ርቆ ገለባ ላይ እንዲተኛ ታደርገዋለች። መጭመቅም ማሰርም ከለከለችው። ምላሱን ወደ እግሩ በሰደደ ቁጥር በአፍንጫዋ ትገፋዋለች። በአራተኛው ቀን እባጩ ለስልሶ በራሱ ሲከፈት የእሾሁ ጫፍ ብቅ አለ። ከምንጩ በላይ ባለ ዋርካ ላይ የምትኖረው እመት ጦጢት ወርዳ በቀጫጭን ጣቶቿ ሳብ አድርጋ አወጣችው። ከገብስ ፍሬ አይበልጥም ነበር።

እግሩ ገና ሳይድን ሌላ ጉም ወረደ። ቀበሮው ውሻው ጭራሽ ተኝቷል ብሎ ለአያ ጅቦ ነግሮት ነበር። መንጋው ግን ጠባቂ እንደሌለው አሁን ያውቃል። ግልገሎቹን መሐል አስገብተው አውራ በጎቹ ዙሪያውን ቆሙ፤ እንኮዬ አህዪትም ጀርባዋን ለጉሙ ሰጥታ ጠበቀች። አያ ጅቦ የበግ ሽታ እየሳበው አንገቱን አስግጎ ሲገባ የኋላ ኮቴዋ መንጋጋው ላይ አረፈ። አውራ በጎቹም ጎድኑን በቀንዳቸው ደቁሰው አባረሩት። በሽሽቱ ላይ በጉሙ ውስጥ አንድ ጸጉራም ነገር ነክቶት ግልገል መስሎት በተሰበረው መንጋጋው ሊነክሰው ታገለ፤ ትርፍራፊውን ሊጠብቅ የቆመው ቀበሮ ነበር። ሁለቱም ተያይዘው ወደ ገደሉ ሸሹ።

መንጋው በደስታ ሲጯጯህ ጠርጥር ገለባው ላይ ሆኖ አንገቱን ደፋ። ለዚህ የእሱ ሩጫ አላስፈለገም። ያስፈለገው አንድ ቃል ነበር፤ ያንን ቃል ደግሞ በጊዜው አልተናገረውም።

ማምሻውን ነጬ መጥታ ፈንጠር ብላ ቆመች።

«እግርህ ስለቆሰለ አልቀየምኩህም» አለችው። «አላድናትም ብትለኝ እኮ እኔ ከጎኔ አላርቃትም ነበር።»

የጠርጥር እግር በወሩ ገደማ ዳነ፤ ጥበቃውንም ቀጠለ። ነጬ ግን እስከ መስከረም ድረስ አላናገረችውም፤ እሱም እንድታናግረው አልለመናትም።

ከዚህ የምንማረው፣ በሽታውን የደበቀ ጠባቂ ራሱ መድኃኒት ማጣቱ ብቻ ሳይሆን በእሱ ተማምኖ የሚግጠውንም ለጅብ አሳልፎ እንደሚሰጥ ነው።