የላም ተከታይ አይደለሁም ያለው ሹም

በህንድ አገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ምላሱ የማያርፍ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነበር። ባጃጁ ከኋላዋ ትርፍ ሰው ጀርባውን ለሾፌሩ ሰጥቶ የሚቀመጥባት ሳንቃ ነበራት።

አንድ ቀን ለከተማዋ አዲስ የተሾመው ሹም ጎቪንድራም ከባቡር ሲወርድ የሚቀበለው ሰው አጣና እየተቆጣ በዚህ ሰው ባጃጅ ተሳፈረ። ትንሽ እንደሄዱ መንገዱ ተጨናነቀ። ከፊታቸው ሠርገኞች ከበሮ እየደለቁ ይጨፍራሉ፤ ከሠርገኞቹ ፊት ደግሞ አንዲት ላም ትንጎራደዳለች። ላም በዚያ አገር የተከበረች ናትና ደፍሮ ዞር በይ የሚላት የለም። ከኋላም ብስክሌቱ፣ ጋሪው፣ ባጃጁ ሁሉ ተኮልኩሏል።

ሹሙ በከዘራው ጣሪያውን ደበደበ። «እኔ የላም ተከታይ ነኝ እንዴ? ሹምን ሰው ይከተለዋል እንጂ እሱ ማንንም አይከተልም። አሁኑኑ ሕዝቡ ሲከተለኝ ካላየሁ መንጃ ፈቃድህን እነጥቅሃለሁ።»

ሾፌሩ ደነገጠ፤ መንጃ ፈቃዱ የልጆቹ ጉሮሮ ነው። ላሟን አየ፣ ሠርገኞቹን አየ፣ ከዚያ ዞሮ ኋላውን ሲያይ ሳቅ አፈነው። ወርዶ ሳንቃዋን በፎጣው ጠረገና እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እዚህ ይቀመጡ። ላሟን መከተሉን ለእኔ ይተዉልኝ፤ እርስዎ የሚከተልዎትን ሕዝብ ሰላም ይበሉ።»