ዶቃን «ክስ!» ሲሏት

ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኛ! ለሚያዛጋ ሰው አፌን አላደክምም። አላችሁ? እንግዲያው ጠጋ በሉ።

ትርንጎ የምትባል የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። የስንቱን ልጅ ንፍጥ ጠርጋ፣ ስንቱን ፊደል አስቆጥራ፣ ስንቱን በተረት አስተኝታ፣ ይኸው ጡረታ መውጫዋ ደረሰ። ዛሬ ከምሳ በኋላ የትምህርት መዝጊያ ነው፤ ለልጆቹ የመጨረሻዋን ተረት ልትነግራቸው ቃል ገብታለች። ተረቱ ስለ ራሷ ድመት፣ ስለ ዶቃ ነው። «አንበሳ ነኝ ያለችው ድመት» ይባላል። ትናንት ግማሹን አውርታ «የቀረው ነገ!» ብላ አንጠልጥላቸው ሄዳለች። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የቀረው የለም! አንበሳ ነኝ ያለች ድመት ከዚያ በኋላ ምን ትሁን? ብታስብ ብታስብ አልመጣም አላት። «ተረት አለቀብኝ ማለት ነው» አለች። ተረት ያለቀበት ሰው ልጆቹን በምን ይሰናበታል?

ጠዋት ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እርሳስ ልታመጣ ዞር አለች። የጻፈችውን ደጋግማ ብታነበው ማለቂያው ብቅ ይል ይሆናል ብላ ነው። ስትመለስ ዶቃ ወረቀቱ ላይ ጉብ ብላለች።

«ክስ!» አለቻት። ዶሮ በ«እሽ»፣ ድመት በ«ክስ» አይደል የሚባረረው! ዶቃ ግን ወይ ፍንክች። እንዲያውም እግሮቿን ሰበሰበች፣ ጭራዋን ዙሪያዋን ጠመጠመች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ተደላደለች። ትርንጎ ብድግ ልታደርጋት ብትሞክር በጥፍሯ ወረቀቱን ይዛ ተንጠለጠለች። ወረቀቱ ጭርር ብሎ ሊቀደድ ሲል ቶሎ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ምን ፈለግሽ የኔ እናት?»

ዶቃ ወደ መስኮቱ አየች። ትርንጎም አየች። ዶቃ ጠዋት ጠዋት የምትተኛበት የመስኮቱ ደፍ ላይ ዛሬ ፀሐይ የለም። ጎረቤቷ እማማ የውብዳር ሽቦው ላይ ያሰጡት ብርድ ልብስ ድርግም አድርጎ ጋርዶታል።

ፀሐይ ካልገባች ዶቃ አልነሣ አለች፤ ዶቃ ካልተነሣች ወረቀቱ አልወጣ አለ፤ ወረቀቱ ካልወጣ ተረቱ አላልቅ አለ። ልጆቹ ደግሞ ይጠብቃሉ።

ትርንጎ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ግቢው ወጣች።

«እማማ የውብዳር፣ በሞቴ ብርድ ልብሱን ያውርዱልኝ! ብርድ ልብሱ ካልወረደ ፀሐይ አልገባም አለች፤ ፀሐይ ካልገባች ዶቃ አልነሣም አለች፤ ዶቃ ካልተነሣች ወረቀቱ አልወጣም አለ፤ ወረቀቱ ካልወጣ ተረቱ አላልቅም አለ።»

«አንቺ ልጅ፣ አላወርድም ያልኩ አስመሰልሽኝ እኮ! ዓይንሽን ገልጠሽ እይው!»

እውነትም፣ በትናንቱ ዝናብ አንድ የአቮካዶ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ብርድ ልብሱ ላይ ወድቋል። በስባሪው ወግቶ ከሽቦው ጋር አጣብቆ ይዞታል። ዛፉ የአናጢው የዳምጠው ነው፤ ቤቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

«ብጎትተው ይቀደዳል!» አሉ እማማ የውብዳር፣ መቀነታቸውን ጠበቅ እያደረጉ። «የእናቴን ብርድ ልብስ! ቆይ፣ ያንን ዳምጠውን ባልከሰው! ክስ ነው የምመሠርትበት! ክስ!»

ይሄኔ ከመስኮቱ ወዲያ ዶቃ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። መዳፏን ላስ፣ ጺሟን ላስ አድርጋ አበጀችና ይበልጥ ተደላደለች። ትርንጎ አየቻት፤ ልብ ግን አላለችም። ቅርንጫፉን እየታገለች ነበራ! ቅርንጫፉም ወይ ፍንክች።

ቅርንጫፉ ካልተቆረጠ ብርድ ልብሱ አልወርድ አለ፤ ብርድ ልብሱ ካልወረደ ፀሐይ አልገባ አለች፤ ፀሐይ ካልገባች ዶቃ አልነሣ አለች፤ ዶቃ ካልተነሣች ወረቀቱ አልወጣ አለ፤ ወረቀቱ ካልወጣ ተረቱ አላልቅ አለ። ልጆቹ ደግሞ ይጠብቃሉ፤ ሰዓቱም ይሮጣል።

ዳምጠው በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ያካል።

«ዳምጠው፣ መጋዝህን ይዘህ ድረስልኝ!»

«እኔስ ልደርስ ነበር እትዬ ትርንጎ። ምን በወጣኝ ነው ከእማማ የውብዳር ጋር የምካሰሰው? ግን መጋዙን ከየት ላምጣ? ይህችን ይዩልኝ!»

መጋዙ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ላይ የአምስት ዓመት ልጁ ረቂቅ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። የትርንጎ ተማሪ ናት።

«አልነሣም!» አለች ረቂቅ። «የዶቃ ተረት ሳያልቅ አልነሣም!»

«ቁርስም እምቢ ብላለች» አለ አባቷ። «ያንጠለጠሏት እርስዎ፣ የምቀጣው እኔ!»

ትርንጎ የዶቃን ነገር ስትነግረው ዳምጠው እጁን አወናጨፈ። «ይሄ ሁሉ በአንዲት ድመት? ቆይ፣ እኔ አስነሣታለሁ!» ብሎ ወደ መስኮቱ ሮጠና አንገቱን አሰገገ። «ክስ!» ዶቃ ደረቷን ነፋች። «ክስ! ክስ!» ዶቃ አገጯን ቀና አድርጋ ቁልቁል አየችው። ዳምጠው ፊቱ ቀልቶ ተመለሰ።

«ኧረ ይቺ ድመት ምኗ ነው? ክስ ባልኳት ቁጥር ትኮራብኛለች!»

እንግዲህ ምን ቀረ? ረቂቅ ካልተነሣች መጋዙ አልወጣ አለ፤ መጋዙ ካልወጣ ቅርንጫፉ አልቆረጥ አለ፤ ቅርንጫፉ ካልተቆረጠ ብርድ ልብሱ አልወርድ አለ፤ ብርድ ልብሱ ካልወረደ ፀሐይ አልገባ አለች፤ ፀሐይ ካልገባች ዶቃ አልነሣ አለች፤ ዶቃ ካልተነሣች ወረቀቱ አልወጣ አለ፤ ወረቀቱ ካልወጣ ተረቱ አላልቅ አለ፤ ተረቱ ካላለቀ ደግሞ ረቂቅ…

«ወይ ጉዴ!» አለች ትርንጎ። «ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ መጣ!»

ሣጥኑ ዙሪያ በተከመረው የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ፣ ረቂቅ እግር ሥር ቁጭ አለች። እውነቱን መናገር አፈረች፤ ግን ተናገረች።

«ረቂቅዬ፣ ማለቂያውን እኔም አላውቀው። ተረት አልቆብኛል።»

ረቂቅ ደነገጠች። ተረት ያልቃል ብሎ የነገራት ሰው የለም። ትንሽ አሰበችና፦

«ዶቃን ጠይቂያታ! አንበሳ ነኝ ያለችሽ ራሷ ናት?»

«አይ፣ እሷስ አላለችኝም። እኔ ነኝ ያልኩላት።»

«ታዲያ እሷ ምን ነኝ ነው የምትለው?»

ትርንጎ ወደ መስኮቷ ዞራ ዶቃን አየቻት። ስንት ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህን ጠይቃት አታውቅም! «እኔ ክስ ስላት ተደላደለች» አለች ቀስ ብላ። «እማማ የውብዳር ክስ ሲሉ ጺሟን አበጀች። አባትሽ ክስ ሲላት ኮራች። ክስ ሲባል የሚቀመጥ ማነው? ክስ ሲባል የሚኮራ ማነው? እ… እልልል! ዳኛ ናት!» ብላ ብድግ አለች። «ዶቃ ዳኛ ናት!»

ያን ጊዜ ተረቱ ራሱ እየሮጠ መጣላት።

«ለካ ዶቃ አንበሳ ሆና አታውቅም። ዳኛ ናት! ከተወለደች ጀምሮ ያያት ሁሉ ‹ክስ! ክስ!› ይላታል። ጓዳ ስትገባ ክስ! ሥጋ ቤት ደጃፍ ስትደርስ ክስ! ‹ይሄ ሰፈር እንዴት ያለ መካሰስ የሚወድ ሰፈር ነው!› ትላለች። እሷም እሺ ብላ ትሰየማለች። ‹በሉ ክሳችሁን አሰሙ› ትላለች። የሚያሰማ ግን የለም፤ ጫማ ይወረውሩባታል! ዛሬ ግን ባለጉዳይ አገኘች። ብርድ ልብሱ ቅርንጫፉን ከሰሰ። ቅርንጫፉ ‹እኔ ምን ላድርግ፣ ዝናቡ ነው የጣለኝ› አለ። ዝናቡ ‹እኔ ምን ላድርግ፣ ደመናው ነው ያፈሰሰኝ› አለ። ደመናው ‹እኔ ምን ላድርግ፣ ነፋሱ ነው የገፋኝ› አለ። ነፋሱስ? ‹እኔ ምን ላድርግ› አለ፣ ‹ክብርት ዳኛ ጭራቸውን ሲያወዛውዙ ነው የተነሣሁት!›»

«ውይ!» አለች ረቂቅ።

«ዶቃ ጭራዋን ዞራ አየችው። ጭራው ዝም። ጉሮሮዋን ጠረገች። ‹ፍርድ ቤቱ ጭራውን በነፃ አሰናብቷል› አለች። ‹ዳኛዋ ግን በርዷታል። ስለዚህ ፀሐይ ትግባ!›»

ረቂቅ በሳቅ ፈነዳች። ሆዷን ይዛ ስትንፈራፈር ከሣጥኑ ላይ ተንከባልላ ፍቅፋቂው ውስጥ ወደቀች። ወደቀች ማለት ደግሞ ተነሣች ማለት ነው!

ረቂቅ ተነሣች፤ መጋዙ ወጣ፤ መጋዙ ወጣና ቅርንጫፉ ተቆረጠ፤ ቅርንጫፉ ተቆረጠና ብርድ ልብሱ ወረደ፤ ብርድ ልብሱ ወረደና ፀሐይ ገባች፤ ፀሐይ ገባችና ዶቃ… ዶቃ ወይ ፍንክች!

ሁሉም መስኮቱ ላይ ተደራረቡ። «ክስ!» አሉ እማማ የውብዳር። «ክስ!» አለ ዳምጠው። ዶቃ እግሯን ሰብስባ ተደላደለች።

«ኧረ ዝም በሉ! እናንተ ናችሁ የምታስቀምጧት» አለች ትርንጎ። ወደ ውስጥ ገባች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እጅ ነሣች። «ክብርት ዳኛ፣ ባለጉዳዮቹ ታርቀናል። ክሱ ተነሥቷል።»

ዶቃ ዓይኗን ገለጠች። ክሱ ከተነሣ ዳኛ ምን ያስቀምጣታል? ተነሣች። ጀርባዋን ለጥጣ ተንጠራራች፣ ዘላ የመስኮቱ ደፍ ላይ ወጣች፣ ፀሐይዋን ሞቀች። ወረቀቱም ወጣ። ትርንጎ አነሣችና አነበበችው፤ አንበሳ፣ አንበሳ፣ አንበሳ ይላል። እዚያው ትታው ረቂቅን በእጇ ይዛ ሄደች።

ከምሳ በኋላ የዶቃን ችሎት በአፏ አወራችላቸው። ልጆቹ ስቀው ስቀው ምንጣፉ ላይ ተንከባለሉ። ተረቱ ሲያልቅ ትርንጎ «በሉ እንግዲህ፣ ደኅና ሁኑ ልጆቼ» ብላ ከትንሿ ወንበር ልትነሣ ስትል እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ። ልጆቹ ከምንጣፉ ቀና ቀና አሉ። መሄዷ ያን ጊዜ ነው የገባቸው።

ከኋላ ረቂቅ ብድግ አለች።

«ክስ!» አለች።

አጠገቧ ያለው ልጅ «ክስ!» አለ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ፣ እየዘለለ፣ እያጨበጨበ፣ «ክስ! ክስ! ክስ!»

ክስ እያለ ዳኛ ይነሣል እንዴ? ትርንጎ ተመልሳ ተቀመጠች። ጉንጯን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ እግሯን ሰብስባ ተደላደለች።

«እሺ» አለች፣ «ክሳችሁን አሰሙ።»

የኔም ወሬ እዚህ ላይ አለቀ። አንሷል የሚል ካለ ክስ ይበለኝ፤ እቀመጥለታለሁ።