ብርሃን የሚያሳልፈው ማሰሮ

«አንድ ሰው ነበረ። በፋርስ አገር ሀብታም ነጋዴ ነው። ልጁን በዳረበት ዕለት፣ ያዘዘውን ማሰሮ ይዞ የመጣውን ሸክላ ሠሪ ‹ዕቃህ ቀዳዳ ነው› ብሎ በእንግዶች ፊት አዋረደው።»

ሼህ ጡሃ ይህን ሲናገሩ ከመስጊዱ አጥር ሥር ተቀምጠው ነበር። ጠያቂያቸው እንድሪስ ይባላል፤ ወፍጮ ቤት አለው። የእህቱ ልጅ ጀማል በስርቆት ታስሮ በዚያ ሳምንት ተፈትቷል፤ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሥራ እንዲሰጠው አጎቱን ለምኗል። ሰፈሩ ደግሞ «ሌባን ከዱቄት ጋር?» እያለ ይሳለቃል። «ላስገባው ወይስ ላባርረው፣ ሼሁ?» ብሎ ነበር እንድሪስ የጠየቀው። ሼሁ አዎም አይም አላሉትም።

«ሸክላ ሠሪው በከተማው የታወቀ ነበር» ብለው ቀጠሉ። «ለዚያ ሠርግ ግን ከዚያ በፊት ለማንም ያላሳየውን ሥራ አመጣ። ነጩን ጭቃ እንደ እንቁላል ቅርፊት አሳሳው። ሳይተኮስ በፊት አንገቱን ዙሪያውን በመርፌ በአበባ ቅርጽ በሳሳው። ከዚያ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቅብ ቀብቶ ወደ እሳት አስገባው። ቅቡ እሳቱ ውስጥ ሲቀልጥ እያንዳንዷን ቀዳዳ ሞልቶ ይደፍናታል። ብርሃን ያልፋል፤ ውሃ አያልፍም።

«ነጋዴው ይህን አያውቅም። ማሰሮውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ሲያነሳው ፀሐይ በቀዳዳዎቹ ገባች።

«‹ሰውዬ፣ ማሰሮ አዘዝኩህ እንጂ ወንፊት አዘዝኩህ?› አለ። እንግዶቹ ሳቁ።

«‹ጌታዬ፣ ውሃ ይምጣና ይጨመርበት።›

«ነጋዴው ወደ እግሩ አየ። ለሠርጉ ያስነጠፈው አዲስ ቀይ ምንጣፍ ነው። ‹በዚህ ላይ?›

«‹እንግዲያው ደጅ ይሁን።›

«‹ሙሽሮቹን ትቼ ቀዳዳ ልከተል?›

«ሳቁ በረታ። ማሰሮው ወደ ጓዳ ተወሰደ፤ ባቄላ ተጨመረበት፤ ባቄላ አይፈስማ። ሸክላ ሠሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ‹ወንፊት ሠሪው› ሆነ። ገበያ ሲወጣ ሴቶቹ ‹ና እንጂ፣ ዱቄት ንፋልን› ይሉታል። ዕቃውን የሚገዛው ጠፋ። ልጆቹ መብላት አለባቸውና ሄዶ ጡብ ሠሪዎች ዘንድ ተቀጠረ።

«ዓመታት አለፉ። አንድ ክረምት የነጋዴው ጓዳ ጣሪያ አፈሰሰ። ጠብታው የሚወርደው ልክ በማሰሮው አፍ ነበር። ሚስቱ ባቄላ ልታወጣ ስትገባ ባቄላው አብጦ በቅሏል፤ ማሰሮው እስከ አፉ ውሃ ነው። የተጎለተው ከጨው ጆንያ ላይ ነበር። ጨው ደግሞ ውሃ ከነካው አይሸሽግም። ጆንያውን በእጇ ዳሰሰችው። ደረቅ ነው።

«ባሏን ጠራችና ‹ና፣ ወንፊትህን እይ› አለችው።

«ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም። ማሰሮውን ራሱ ተሸክሞ ጡብ ወደሚሠራበት ቦታ ሄደ። እዚያ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ‹በድዬሃለሁ› አለ። ‹ሁለተኛዋን ልጄን ልድር ነው፤ እንዲህ ያለ አንድ ሌላ ሥራልኝ።›

«ሸክላ ሠሪው ማሰሮውን ወደ ፀሐይ አንስቶ ብዙ አየው። ‹ጥሩ እጅ ነበረው› አለ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር። ከዚያ ጣቶቹን ዘረጋ። ጡቡ አደንድኗቸዋል። ‹አሁን መርፌ አይይዙልኝም› አለ።»

ሼህ ጡሃ ወደ እንድሪስ ዞሩ።

«እንግዲህ እንድሪስ፣ ነጋዴው አንተ ነህ፤ ማሰሮው ጀማል ነው። ቀዳዳውን አይተሃል። አልተሳሳትክም፤ ነበረበት። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ እሳት ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። ይደፈን አይደፈን አንተም አታውቅ፣ ሰፈሩም አያውቅ፤ ውሃ የጨመረበት የለማ። ወስደህ ከወፍጮህ ፊት አቁመው። ሥራ እየለመነ ያለ እጅ ሁልጊዜ እየለመነ አይቆይም፤ እጁ ሳይደነድን ቶሎ በል።»

እንድሪስ መሬት መሬቱን አየ። «ቢያፈስስ ግን፣ ሼሁ? ያን ጊዜ ሰዉ ምን ይለኛል?»

«ቢያፈስስ ምንጣፍህን ፀሐይ ላይ ታሰጣለህ።»

እንድሪስ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። «የነጋዴውስ ምንጣፍ? እንዲያ የሳሳለት?»

«እሱማ» አሉ ሼሁ፣ ለመነሳት ምርኩዛቸውን እየያዙ፣ «በዚያው በሠርጉ ዓመት ብል በላው።»