እሌኒ የቆጠረችው እልልታ

አንዲት አያት ነበረች። እንደ ብዙዎቻችሁ፣ ልጅ ከበር በወጣ ቁጥር ልቧ አብሮ የሚወጣ።

ልጇ ወንድ ተገላግላ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ፣ ሴቶቹ በር ላይ ተሰብስበው ሰባት ጊዜ እልል አሉ። የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጇ እሌኒ በጣቷ ቆጠረች። መቁጠር የተማረች ሰሞን ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ ትቆጥራለች።

«እማማ፣ እኔ ስወለድስ ስንት ነበር?»

«ሦስት።»

«ለምን?»

«ሴት ነሻ፣ የኔ እናት። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። በይ ከእግሬ ሥር ዞር በይ፣ ሙቅ ውኃ ይዣለሁ።»

ይኸው ነው። ክፉ ተናገረች? አልተናገረችም። ተቆጣቻት? እሱንም አላደረገች።

በሳምንቱ እሌኒ ከጎረቤት ልጅ ከዳግም ጋር ደጃፍ ተቀምጣ ቆሎ ታካፍላለች። አያትየዋ እንዳያንቃቸው ሰግታ በመስኮት ታያለች። ልጅቱ ለዳግም ሰባት ፍሬ ቆጠረች። ለራሷ ሦስት።

«ምነው እሌኒዬ፣ ለራስሽ አሳነስሽ?»

«እሱ እኮ ሰባት ነው። እኔ ሦስት ነኝ» አለች፣ ሳትከፋ።

ሳትከፋ፣ እናቶቼ። አያትየዋን ያስለቀሳት ይህ ነው። ከፍቷት ቢሆን ታባብላት ነበር። ዳግምም ሰባቱን ተቀብሎ ዝም ብሎ በላ። እሱም ተምሯል።

ስለ ቆሎ ማን ነገራቸው? ማንም። ልጅ ከሰማት ከአንዲት ነገር ተነሥቶ በልቡ ሙሉ ቤት ይሠራል፤ ከዚያ ማን የት እንደሚቀመጥ ራሱ ይደለድላል።

ወር ሳይሞላ የዳግም እናት ሴት ልጅ ታቅፋ መጣች። ሴቶቹ ሦስት ብለው ዝም አሉ። አያትየዋ አራተኛውን ብቻዋን ቀጠለች።

«እትዬ፣ ሴት እኮ ናት፤ ተሳሳቱ እንዴ?» አለች አንዷ እየሳቀች።

«አልተሳሳትኩም። የምትቆጥር ልጅ አለችኝ።»

ስድስተኛው ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ሰባተኛውን እሌኒ በቀጭን ድምፅዋ ሞላችላት። ከዚያ ቀሚሷን ጎተት አድርጋ፣

«እማማ፣ የእኔም እኮ አራት ቀርቷል» አለቻት።

አያትየዋ እዚያው በሩ ላይ ቆማ፣ በዚያ በሻከረ ድምፅ፣ አራቱንም አለችላት።

እናንተስ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ? ለወንዱ ትልቁን ሥጋ ስታወጡ፣ ሴቷን ውኃ ቅጂ ስትሉ፣ ልጁን «ወንድ አይደለህ፣ ምን ያስለቅስሃል» ስትሉ፣ ከጎናችሁ የቆመው ልጅ ጣቱን እያጠፈ ነው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የልጆቻችሁን ፊት እዩ። ሴት ልጃችሁ አድጋ፣ ወልዳም ይሆናል። አራቱን እየጠበቀች ከሆነስ? እናንተ ድምፅ አላችሁ፤ እሷም እስካሁን ትሰማለች።