ባለጉድጓዱና ጠብታው

«እማዬ፣ ውሃችን እንዲህ ኩልል ያለ ከሆነ ለምን ይመረመራል?» አለች ምንታምር።

እናቷ እቴነሽ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገብቷታል። ረፋዱ ላይ የጤና ሠራተኛዋ መጥታ ከጓሮው ጉድጓድ አንድ ጠርሙስ ውሃ ብትጠይቃት፣ «አባቴ የቆፈረውን ማን ይጠራጠራል!» ብላ በባዶ እጇ መልሳታለች። የምንታምር ጥርስ በልዟል። ታናሽ ወንድሟ ግን ገና ድድ ብቻ ነው፤ ይኸው ነገር እናትዮዋን ሲቆረቁራት ዋለ።

አማተበችና ተረት ጀመረች።

«ጉድጓዱን እንደ ልጁ የሚወድ አንድ ሰው ነበረ። እንግዳ ሲመጣ ከእህሉ በፊት ውሃውን ነው የሚያቀርበው። ‹ቅመሱት፣ ወተት እኮ ነው!› ይላል። የመንደሩ ሰው ጥርስ ሲበልዝ ‹ሸንኮራ ነው፣ ትምባሆ ነው፣ የዘር ነው› እያለ ሁሉን ያማል፤ ውሃውን ግን አያማም። እሱ ራሱ ሲስቅ በነጠላው ጫፍ አፉን ይሸፍናል። ለጨዋነት ነዋ!

«አንድ ቀን አንዲት መርማሪ ቀይ ጠብታ በብልቃጥ ይዛ መጣች። ጠብታው ውሃው ውስጥ ካለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይለቅማል፤ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳውን፣ ፍሎራይድ የሚሉትን። ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። ከጉድጓዱ ውሃ ላይ ጠብ ብታደርገው ቢጫ ሆነ።

«‹ውሃዬ ጥሬ ስለሆነ ነው› ብሎ ሰውየው አፈላው። ጠብታው ባሰበት! እሳት ውሃውን እንጂ ፍሎራይዱን መቼ ይወስዳል? ማር ጨመረበት። ያው ቢጫ። የንስሐ አባቱን ጠራ። እሳቸውም ‹መባረኩን እባርክልሃለሁ፤ በሐሰት የሚመሰክርልህ ግን ሌላ ፈልግ› አሉት።

«‹እንግዲህ አባባ› አለች መርማሪዋ፣ ‹የቀረዎት ጠብታው ዘንድ ሽማግሌ መላክ ነው።›

«ይህን ሲሰማ ሰውየው ሳያስበው ከት ብሎ ሳቀ። ነጠላው ተንሸራተተ። ጥርሱ ቡናማ! ለካ ጠብታው ሳይመጣ አፉ ውስጥ ምስክር ተቀምጦ ኖሯል። ከዚያች ቀን ወዲህ አፉን አልሸፈነም፤ ጉድጓዱን ሸፈነው።»

እቴነሽ ወደ ልጇ ዞረች። «የኔ ልጅ፣ ኩልል ያለ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የምንወደውን ነገር አይመርመሩብን ስንል፣ እኛም እንደዚያ ሰውዬ በነጠላ ተሸፍነን መሳቃችን ነው። እግዜር ዓይናችን የማያየውን የሚያይ ጠብታ ከሰጠን፣ ጠብታውን መስደብ ምን ይባላል?»

ምንታምር አፏ ላይ የነበረውን እጇን አወረደች። «የሰውየው ቤት ከኛ ይርቃል?»

«እሱንማ ነገ እናያለን።»

በማግስቱ ጠዋት እቴነሽ ለሕፃኑ መጠጫ የሚሆን አንድ ጆግ ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከጎረቤት ለመነች። ከዚያ አንድ ጠርሙስ በጉድጓዱ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃ ሞላችው፣ ልጁን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ጀመረች።

«ምነው፣ ማን ታመመ?» ላላት ሁሉ፣ «የአባቴን ጉድጓድ ላስመረምር ነው» ትል ነበር፤ አፏን ሳትሸፍን እየሳቀች።