ያልተጫወቱበት ቅዳሜ

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን ተዉት፤ ቢነገራችሁም አታውቁትም። በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ፣ ስምሪት ክፍል ይሠራል። የቱ መኪና የት ይሂድ፣ የቱ ቀድሞ ይጫን፣ የቱ ባዶውን እንዳይመለስ ምን ይዞ ይምጣ፤ ይህን ሁሉ የሚያቀናብረው እሱ ነው። ሥራውን ያውቅበታል። አለቆቹም «እሱ ካለ መኪና አይቆምም» ይሉለታል።

ይህ ሰው ከሚስቱ ተለያይቷል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ዛሬ አንጠይቅም፤ ሽማግሌ ገብቶ ያልፈታውን እኛ እዚህ ተቀምጠን አንፈታውም። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ የሰባት ዓመቷ ፌቨንና የአራት ዓመቱ ኢዮስያስ። ልጆቹ የሚኖሩት ከእናታቸው ጋር ነው። ሽማግሌዎቹ «በወር አንድ ቅዳሜ ካንተ ጋር ይውሉ» ብለው ወሰኑለት። አንድ ነገር ግን ጨመሩበት። «ልጆቹ አንሄድም ካሉ አይገደዱም» አሉ።

አያችሁ? ሰውዬው በወር አንዲት ቀን አለችው። እሷም ብትሆን በሁለት ሕፃናት ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለች ናት።

የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች በተከራያት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አሳለፏቸው። ቴሌቪዥን ከፈተላቸው። ምሳ ከምግብ ቤት አስመጣላቸው። ምን እንደሚላቸው ግን አያውቅም። «ትምህርት እንዴት ነው?» ይላል፤ «ጥሩ ነው» ይሉታል፤ በቃ፣ አለቀ። ኢዮስያስ ከሰዓት በኋላ «እማዬ ጋ እንሂድ» እያለ ያለቅሳል። ፌቨን አታለቅስም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አባቷን ዝም ብላ ታየዋለች። ለሰውዬው ከልጁ ልቅሶ ይልቅ የእሷ ዝምታ ይከብደዋል። አንድ ቅዳሜ «አልሄድም» ብትል ምን ይውጠዋል? ይህችን ቀን ከወሰዳችሁበት ምን ይቀረዋል?

እና አንድ ቀን ስልክ ደወለ።

«ፌቪዬ፣ በሚመጣው ቅዳሜያችን ምን ላድርግልሽ? የፈለግሽውን ንገሪኝ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «አጫውተኝ» አለችው።

ደስ አለው! መልሱ ተገኘ። ልጅ ነች፤ መጫወት አማራት። ታዲያ ከከተማው ዳር አንድ ትልቅ የልጆች መጫወቻ ፓርክ አለ። ባቡሩ፣ ዥዋዥዌው፣ የሚሽከረከሩት ፈረሶች፣ እርስ በርስ የሚጋጩት ትንንሽ መኪናዎች፣ ምን የሌለ አለ! «አንድም ሳይቀር ሁሉንም አጫውቻቸው እመልሳቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ አንሄድም አይሉም» አለ በልቡ።

እንግዲህ ምን እንዳደረገ ስትሰሙ እንዳትስቁ። ልጆቹን ሊወስድ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ፓርኩን ለማጥናት ብቻውን ሄደ። አዎ፣ ብቻውን! በሩ ላይ ትኬት የምትቆርጠው ወጣት ከኋላው የሚከተል ካለ አንገቷን አስግጋ አየች።

«ልጆቹስ?» አለችው።

«ልጆቹ የሚመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

«ታዲያ ዛሬ የሚጫወተው ማነው?»

«ለማየት ነው የመጣሁት» አለና አንገቱን ደፍቶ ገባ።

ዞረ። ሰልፍ የሚበዛው የት የት እንደሆነ አየ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ወደ ምግቡ ሲሄድ ባቡሩ ጋ እንደሚቀል አስተዋለ። ሽንት ቤቱ ለየትኛው ጨዋታ እንደሚቀርብ፣ የኢዮስያስ ቁመት ለየትኛው እንደሚበቃ አጠና። መኪና ማሰማራት የለመደ ሰው አይደል? በልቡ ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ ደረደረው፤ አንዲት ደቂቃ ባዶዋን የምትመለስበት መንገድ አልተወም።

ሲደክመው ዥዋዥዌው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አረፍ አለ። ዙሪያውን የሌላ ሰው ልጆች «አባዬ እየኝ! አባዬ እየኝ!» እያሉ ይጮኻሉ። በጠሩ ቁጥር እሱም ቀና ይላል። አንድ ጥበቃ ጠጋ ብሎ «ጌታው፣ ከማን ጋር ነዎት?» ሲለው «ብቻዬን ነኝ» ማለቱ አሳፈረውና ተነሥቶ ወጣ።

ቅዳሜዋ ደረሰች። በማለዳ የልጆቹ በር ላይ ተገኘ። ሳንድዊቹ ተጠቅልሏል፤ ውሃው ተይዟል፤ የኢዮስያስ ቅያሪ ሱሪ ሳይቀር ቦርሳ ውስጥ ገብቷል። ምሳ የሚበላው ሰልፍ ላይ ቆመው ነው። ለመብላት ብሎ መቀመጥ፣ ለእሱ፣ ጊዜ ማባከን ነው።

ደግሞም ተሳካለት። ይህን ልንክደው አይገባም። ሌላው ወላጅ በር ላይ ሲጋፋ እነሱ የሚጋጩትን መኪናዎች ጨርሰው ፈረሶቹ ላይ ወጥተዋል። ሌላው ፈረሶቹ ጋ ሲሰለፍ እነሱ ሸርተቴው ላይ ናቸው። ኢዮስያስ በሳቅ ሞተ። አንዲት እናት እንዲያውም ልጆቿን እየጎተተች «እነሱን ተከተሉ፣ ሰውዬው ያውቅበታል!» ስትል ሰማት፤ ኮራ።

ፌቨን ግን እጁን ይዛ እየሮጠች በየመሃሉ ቀና ትላለች።

«አባዬ።»

«ወዬ፣ የኔ ቆንጆ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ትጠይቂኛለሽ፤ ቆይ መጀመሪያ ባቡሩ እንዳያመልጠን።»

ከባቡሩ ወረዱ። ባዶ አግዳሚ አየችና እጁን ሳብ አደረገችው።

«አባዬ፣ እዚህ እንቀመጥና አጫውተኝ።»

«እንዴ! እያጫወትኩሽ አይደል እንዴ? ከጠዋት ጀምሮ ምን እያደረግን ነው ታዲያ? ነይ ነይ፣ ዥዋዥዌው ጋ ሰው የለም!»

ወገኖቼ፣ ልጅቷ ምን እያለች ነው? እናንተ ገብቷችኋል። እሱ አልገባውም። እየጎተተ ወሰዳት። ዥዋዥዌው ላይ አስቀመጣትና ከኋላዋ ሆኖ ገፋት፤ በገፋት ቁጥር ከእሱ ትርቃለች። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም።

አመሻሹ ላይ ኢዮስያስን ትከሻው ላይ አስተኝቶ፣ ፌቨንን በእጁ ይዞ፣ ከእናታቸው በር ደረሰ። እግሩ ዝሏል፤ ልቡ ግን ሞልቷል። እንዲህ ያለ ቀን የሰጣቸው አባት ማን አለ? የልጆቹ እናት በሩን ከፈተች። ወደ ልጇ ጎንበስ ብላ፣

«አባትሽ ምን አጫወተሽ?» አለቻት።

«ምንም» አለች ፌቨን።

ሰውዬው ክው አለ። ቀጥሎም ተናደደ። «ምንም? ያልተጫወትንበት ነገር እኮ የለም! ባቡሩ፣ ሸርተቴው፣ ፈረሶቹ፣ ዥዋዥዌው! ፌቨን፣ ለምን ትዋሻለሽ?»

«እሱን አይደለም እኮ የጠየቅኳት» አለች እናትየዋ ቀስ ብላ። «ምን ምን አወራችሁ ነው ያልኳት።»



ጨዋታ ምንድነው፣ ወገኖቼ? እኛ ቤት ጨዋታ ስንት ነው? ሕፃን ሲሮጥ ጨዋታ ነው። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የልባቸውን ሲያወሩም ጨዋታ ነው። እንግዳ ቤታችሁ ሲመጣ «ተጫወት እንጂ» ትሉት የለም? ተነሥተህ ዝለል ማለታችሁ ነው? አይደለም! ቁጭ በል፣ አትቸኩል፣ አንተን እንፈልጋለን ማለታችሁ ነው።

ታዲያ ይህ ሰው አማርኛ ጠፍቶበት ነው? አልጠፋበትም። ሥራ ቦታው እኮ ሾፌሮቹን ሲያጫውት የሚውል ሰው ነው። ልጅቷ እሱን ራሱን ትፈልጋለች ብሎ ማሰብ ግን አልቻለም። ሚስቱ ያልፈለገችው ሰው፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲገባና ሲወጣ የሚኖር ሰው፣ «የኔ ወሬ ለማን ይጠቅማል? ባቡር ልስጣቸው» አለ። ብቸኝነት እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ የሚፈልጋችሁ ሰው እጃችሁን ሲጎትት እንኳ አይታወቃችሁም።

ኢዮስያስን ለእናቱ አቀበላት። ከዚያም እዚያው የበሩ ደረጃ ላይ፣ አቧራው ላይ ቁጭ አለ።

«ፌቪዬ፣ ልትጠይቂኝ የነበረው ምንድነው?»

ልጅቷ ጫማዋን እያየች «ረሳሁት» አለች።

አልረሳችውም። ደክሟት ነው። ቀኑን ሙሉ «ቆይ» የተባለ ልጅ መጠየቅ ይደክመዋል። ሰውዬው ማልቀስ አማረው፤ ግን አልተነሣም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግም አላወቀም። እናትየዋ ነገሩ ገብቷት፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትንሹን ይዛ ገባች። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ሰው አለፈ፤ መኪና አለፈ። ልጅቷ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ብዙ ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣

«አባዬ፣ አንተ ቤትህ ስትገባ ማን ያጫውትሃል?» አለችው።

ይህን ነበር ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የዋለችው! ቤቱን አይታዋለች። አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ አይታለች። የሰባት ዓመት ልጅ ለአባቷ ስትጨነቅ ሰንብታ፣ የምትጠይቅበት ቦታ አጥታ በባቡርና በዥዋዥዌ መሃል ስትጎተት ዋለች።

«ማንም» አላት። ከቤቱ ከወጣ ወዲህ ይህን ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው። «ማንም የለም፣ ልጄ።»

ልጅቷ ምን አለችው? አይዞህ አላለችውም። ጠጋ አለችና፣ ጥርሷ ሲወልቅ ከዳቦ ጋር ስለዋጠች አንዲት የክፍሏ ልጅ ታወራለት ጀመር። ያቺ ልጅ እንዴት እንዳለቀሰች፣ መምህሯ እንዴት እንደደነገጠች፣ አንዱ ተማሪ «ሆድሽ ውስጥ ይበቅላል» ብሎ እንዴት እንዳስፈራራት። ሰውዬው ሳቀ። ቀጥሎ አለቀሰ። እሷ ግን ወሬዋን አላቋረጠችም።

በወሩ መጣች ወይ? መጣች። የትም አልሄዱም። ሰውዬው ዛሬም ብቻውን ነው የሚያድረው፤ ቤቱ ሲገባ ዝም ያለ ቤት ነው የሚቀበለው። ይህ አልተለወጠም። ለዚያ ቤት የምትጨነቅ አንዲት ልጅ እንዳለችው ግን አወቀ።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? እናታችሁን ሐኪም ዘንድ ትወስዳላችሁ፤ መድኃኒቷን ትገዛላችሁ፤ በሯ ላይ ታደርሷታላችሁ፤ የመኪናውን ሞተር ግን ሳታጠፉ ትመለሳላችሁ። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትገባለች። ምን ልትነግራችሁ ፈልጋ ነበር? ታውቃላችሁ? ለልጆቻችሁ ልደት ታዘጋጃላችሁ፤ ፊኛው ይነፋል፤ ኬኩ ይቆረጣል፤ ፎቶ ይነሣል። ልጃችሁ የሚፈራውን ነገር ግን ታውቃላችሁ?

ወደ ፈጣሪያችሁስ እንዴት ነው የምትመጡት? ዘምረን፣ ሰግደን፣ ስብከት ሰምተን፣ ሰዓት ሳይዛነፍ ጨርሰን እንወጣለን። ሁሉን ሠርተን ስናበቃ እሱ በር ላይ ቆሞ «ልጄ፣ ዛሬ ምን አጫወትከኝ?» ቢለን ምን እንመልሳለን?

በዚህ አዳራሽ ውስጥም፣ አሁን እየሰማ ያለ፣ ሲወጣ የሚያናግረው የሌለ ሰው አለ። ሳይኖር አይቀርም አላልኩም፤ አለ። ገብቶ ተቀምጦ፣ «አሜን» ብሎ፣ ማንም ስሙን ሳይጠይቀው የሚመለስ ሰው ነው። ከአጠገባችሁ ሊሆን ይችላል። አሁን ዞር ብላችሁ ብታዩት ታውቁታላችሁ?

ገና ልነግራችሁ ያሰብኩት ብዙ ነበር፤ ሰዓቱም አልሞላም። ግን እዚህ ላይ ላቁም። የቀረውን ጊዜ ለእናንተ ትቼዋለሁ። ማንም ወደ በሩ አይሩጥ። አጠገባችሁ ወዳለው ሰው ዞር በሉና ተጫወቱ።