‹ና› ወይስ ‹ነይ›?

አንድ ቀን የደሴው ጎሚስታ ይማም ሠራተኛ አባርሮ ተከሰሰና ፍርድ ቤት ቀረበ። ይማም በገንዘቡ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠራተኞቹን ምሳ ያበላል፣ ሲታመሙም ያሳክማል። ስስቱ አንቱታ ላይ ነው። አባቱን የሚያክሉትን ዘበኛውን ጋሽ ሙሄን እንኳ «አንተ ሙሄ» ብሎ ነው የሚጠራቸው። እኔም ስለ እሱ ሳወራ አክብሮት አላባክንም።

የተባረሩት ስንታየሁ ይባላሉ። ጎማ ሲፈቱም ሲገጥሙም እጃቸው ፈጣን ነው። ፀጉራቸው አጭር፣ ድምፃቸው ወደ የትኛውም ያላደላ፣ ልብሳቸው ግሪስ የጠገበ ቱታ ነው። ስማቸው ደግሞ ለወንድም ለሴትም ይወጣል። ይማም ቢጨንቀው «ቁርጡን እንወቀው፤ ወንድ ነህ ወይስ ሴት ነሽ?» አላቸው። «የተነፈሰው ጎማው ነው፤ እሱን ልይ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ይማም በዚህ ተናዶ አሰናበታቸው። ስንታየሁ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውምና ከሰሱት።

«ሥራቸው ላይ ምን ጉድለት አገኙ?» አሉ ዳኛዋ።

«ምንም። እጁ... እጇ... ብቻ እጅ ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ለምን አሰናበቱ?»

«ክብርት ዳኛ፣ ማዘዝ አቃተኝ። ‹ና› ልበል ‹ነይ›? ‹ክሪኩን አምጣ› ልበል ‹አምጪ›? እኔ አፌን እስካስተካክል መኪናው ቆሞ ይጠብቃል።»

«ሠራተኛን በጾታ ምክንያት ማሰናበት በሕግ ክልክል መሆኑን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ግን ጾታውን መች አወቅኩትና ነው በጾታ የማሰናብተው? ያስቸገረኝ አማርኛው ነው።»

ነገሩ ዳኛዋንም ትንሽ ያሳሰባቸው መሰለ። ወደ ስንታየሁ ዞረው «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሏቸው።

ስንታየሁ ተነሱ።

«ክብርት ዳኛ፣ አማርኛው ምንም አላጠፋም። ‹አንተ›ም ‹አንቺ›ም ካስቸገራቸው፣ ‹አንቱ› ይበሉኝ።»

ዳኛዋ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ስንታየሁ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ወሰኑላቸው። በማግስቱ ይማም ጥርሱን ነክሶ «ክሪኩን ያምጡልኝ» ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ማምሻውን ጋሽ ሙሄ ሽበታም ጢማቸውን እያሻሹ መጥተው ፊቱ ቆሙ።

«ይማም ልጄ» አሉት፣ «እኔንም እኮ ሳታጣራ ነው ‹አንተ› ስትለኝ የኖርከው።»